የእግር ቆዳን መንከባከብና የዝሆኔ በሽታ፦ የወላይታ ተሞክሮ

ስለ ቆዳ እንክብካቤ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ፊታችንን ነው፤ ብጉሩን፣ ማዲያቱን፣ ቅባቱን። እግራችንን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ቆዳ ግን ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ ትልቁ ሲሆን ዋናው ሥራውም አጥር መሆን ነው። በውስጥ ያለው እርጥበት እንዳይወጣ፣ በውጭ ያለው ጀርምና ቆሻሻ እንዳይገባ ይከላከላል። ይህ አጥር ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ደግሞ ማንም ልብ በማይለው ቦታ ነው፤ በተረከዝ ስንጥቅና በእግር ጣቶች መካከል።

የቆዳ እንክብካቤ ከውበት ያለፈ የጤና ጉዳይ መሆኑን በግልጽ ለማየት ወላይታን መመልከት ይበቃል። በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በባዶ እግራቸው ቀይ አፈር እየረገጡ የኖሩ ብዙ ሰዎች እግራቸው ያብጣል፣ ቆዳቸው ይወፍራል፣ በየጊዜውም ትኩሳት ይጥላቸዋል። በሽታው በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ በተለምዶ ግን ዝሆኔ ወይም የዝሆን እግር በሽታ እየተባለ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ በወላይታ የተደረገ ጥናት ከ100 ሰዎች ከ5 በላይ በሚሆኑት ላይ በሽታውን አግኝቷል። በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በሽታው እንዳለባቸው ይገመታል።

ስለዚህ በሽታ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። አይተላለፍም። በንክኪ፣ በትንፋሽ፣ በአልጋ፣ በዕቃ፣ በጋብቻ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል፤ ከጀመረም በኋላ እንዳይባባስ ማድረግ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልጉት ውሃ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊንና ጫማ ናቸው።

በሽታው ከየት ይመጣል?

ፖዶኮኒዮሲስ የሚለው ስም ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ ቃላት የተሠራ ነው። ስሙን የሰጠው በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የሠራው እንግሊዛዊው ቀዶ ጥገና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። እርሱ ከማጥናቱ በፊት እንዲህ ያለው የእግር እብጠት በአብዛኛው በወባ ትንኝ መሰል ነፍሳት ከሚተላለፍ ትል እንደሚመጣ ይታሰብ ነበር። ፕራይስ በደጋው ነዋሪዎች ላይ ትሉ አለመገኘቱን፣ ነገር ግን ሕመሙ ቀይ የሸክላ አፈር ያለበትን አካባቢ ተከትሎ እንደሚሄድ አስተዋለ።

ይህ አፈር ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ መበስበስ የመጣ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ከፍ ባለና ብዙ ዝናብ በሚያገኝ መሬት ላይ በብዛት ይገኛል። ወላይታም እንዲህ ያለ አገር ነው። አፈሩ ለእንሰት፣ ለበቆሎና ለስኳር ድንች ይመቻል፤ በዞኑ ሰው ተጠጋግቶ የሚኖረውም አንድም ስለዚህ ነው። አፈሩ ግን እጅግ ደቃቅ የሆኑ የማዕድን ቅንጣቶችን ይዟል። ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው እነዚህ ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ በኩል ይገቡበታል። ነጭ የደም ሕዋሳት እንደ ባዕድ ነገር ውጠው ወደ ሊምፍ ቧንቧዎች ይወስዷቸዋል። ሊምፍ ቧንቧ ማለት ከደም ሥር ወጥቶ በሥጋ መካከል የሚቀረውን ፈሳሽ ሰብስቦ ወደ ደም የሚመልስ ቀጭን መስመር ነው። ቅንጣቶቹ በዚያ ቁጣ ያስነሳሉ፤ ቧንቧው ይቆስላል፣ ይጠባል፣ በመጨረሻም ይደፈናል። የሚመለስበት መንገድ ያጣው ፈሳሽ እግር ውስጥ ይጠራቀማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ «ጎረቤቴም እንደኔ በባዶ እግሩ ነው የኖረው፤ ታዲያ እኔን ብቻ ለምን?» መልሱ በከፊል በዘር ላይ ነው። በወላይታ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት የሆነ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው አምስት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ከደቡብ ኢትዮጵያ ሕሙማን በተወሰደ ናሙና ላይ ያወጡት ጥናትም ለበሽታው ተጋላጭ የሚያደርጉ የዘረመል ልዩነቶችን አገኘ። ልዩነቶቹ ያሉት የሰውነትን የመከላከል አቅም በሚመሩ ዘረመሎች አካባቢ ነው። ይህ ማለት ግን በዘር የሚወረሰው ለአፈሩ መቆጣት እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ዘሩ ኖሮበት ከልጅነቱ ጫማ ያደረገ ሰው አይታመምም። «የዘር ነው» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰዎችን ተስፋ ስለሚያስቆርጥ ይህን ልዩነት በደንብ መያዝ ይገባል።

የመጀመሪያ ምልክቶቹ

በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። እግር በአንድ ሌሊት አያብጥም። በመጀመሪያ የእግር ፊተኛው ክፍል ያሳክካል፤ በተለይ ማታ ማታ ውስጥ እግር ያቃጥላል። ከዚያ ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል እብጠት ይመጣል። «ሲደክመኝ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ይህ ጊዜ ነው፤ ሕክምናውም ከሁሉ የሚሠምረው በዚህ ጊዜ ነው። ካልታከመ እብጠቱ ጠዋትም መጉደሉን ያቆማል፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ ጣቶች ላይ ሻካራ ትናንሽ እባጮች ይወጣሉ። ቆዳው በእርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ልባስ ስለሚመስል በሶዶ የውጭ ሐኪሞች «ሞሲ ፉት» ሲሉት ኖረዋል።

በቤትዎ ሊሞክሩት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። ከአውራ ጣትዎ ቀጥሎ ባለው የእግር ጣት መነሻ ላይ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ወደ ላይ ለማንሳት ይሞክሩ። የጤነኛ እግር ቆዳ ይነሳል። ወፍሮ አልነሳ ካለ ሊምፍ መጠራቀሙን ሊያመለክት ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ቆዳው ተነሳ ማለት ግን ከበሽታው ነጻ ነዎት ማለት አይደለም፤ በጅማሬው ላይ ቆዳው ገና ሊለሰልስ ይችላል።

እግር የሚያብጠው በብዙ ምክንያት ነው፤ የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመም፣ እርግዝናም ያሳብጣሉ። ከትል የሚመጣው ዝሆኔ በአብዛኛው ቆላማና ሞቃታማ አካባቢ የሚገኝ ሲሆን እብጠቱ ከጉልበት በላይም ሊወጣ፣ የወንድን ብልት ከረጢትም ሊያሳብጥ ይችላል። የአፈሩ ዝሆኔ ግን ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ከጉልበት አያልፍም፣ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ ሆኖም አንዱ ከሌላው ይብሳል። ከሥጋ ደዌ የሚለየው ደግሞ የእግር ስሜት አለመጥፋቱ ነው፤ እሾህ ሲወጋዎ ይሰማዎታል።

እግርዎን በየቀኑ እንዴት ይንከባከባሉ?

በሶዶ እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ናታን ባርሎ ለእነዚህ ሕሙማን ብቻ የሚሠራ የሞሲ ፉት ሕክምናና መከላከያ ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ በዞኑ ልዩ ልዩ ቦታዎች ክሊኒኮችን ከፍቶ፣ ታክመው የተሻላቸውን ሰዎች ራሳቸውን አሠልጥኖ ሌሎችን እንዲያስተምሩ አደረገ። በእኔ አስተያየት የሥራው ትልቁ ጥበብ ይህ ነው። እግሩ አብጦ የነበረ ሰው ሳፋ አቅርቦ «እንዲህ ታጠብ» ሲል የሚሰማበት መንገድ ሌላ ነው። በዚያ የሚሰጠው ሕክምና አሁን በጤና ሚኒስቴር መመሪያ ውስጥም ያለው ሲሆን ይዘቱ እንደሚከተለው ነው።

ውሃው ንጹሕና ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን፤ የሚያቃጥል ውሃ ቆዳን ያደርቃል፣ እብጠትንም ያባብሳል። በመጀመሪያ ጭቃውን በሳሙና ያስለቅቁ። የገላ ሳሙና ይሻላል፤ የልብስ ሳሙና ቆዳን በጣም ያደርቃል፣ ሌላ ከሌለ ግን ጭራሽ ካለመታጠብ በልብስ ሳሙና ታጥቦ ቫዝሊን መቀባት ይመረጣል። በጣቶች መካከልና በቆዳ እጥፋቶች ውስጥ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብለው ያጽዱ። በድንጋይ መፈተግ፣ እባጭን በምላጭ መቁረጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ለጀርም በር መክፈት ነው። ቁስል ወይም መጥፎ ጠረን ካለ በንጹሕ ውሃ ውስጥ በጣም ጥቂት በረኪና ተጨምሮበት እግር ለ20 ደቂቃ ያህል ይዘፈዘፋል። በገበያ ያለው በረኪና ጥንካሬው ስለሚለያይ መጠኑን የጤና ባለሙያ ያሳይዎት፤ ያልተበረዘ በረኪና ቆዳን ያቃጥላል።

ከዚያ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ማድረቅ። እግርዎን በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ ጠበቅ እያደረጉ ያድርቁ፤ በተለይ በጣቶች መካከል። እዚያ የሚቀር እርጥበት ፈንገስ ያበቅላል፤ ነጭ ሆኖ የሚላጠውና የሚያሳክከው እርሱ ነው። ፈንገስ ካለ ከጤና ጣቢያ የሚሰጥ ቅባት ይደረግበታል።

ቀጥሎ ቫዝሊን። እንደ ትርፍ ነገር አይዩት። የእነዚህ ሕሙማን የእግር ቆዳ ከጤነኛ ሰው ቆዳ ያነሰ እርጥበት እንዳለው በጥናት ታይቷል። ደረቅ ቆዳ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ አፈርም ጀርምም ይገባል። ቆዳው ገና እርጥበቱ ሳይጠፋ ቀጭን አድርገው ከተቀቡ ውሃውን ይዞ ያስቀርልዎታል። በጣቶች መካከል ግን አይቀቡ።

ሲቀመጡ እግርዎን በርጩማ ላይ ከፍ ያድርጉ፤ ሲተኙ ከፍራሹ ሥር በእግርጌ በኩል ጨርቅ ወይም ገለባ ያስገቡ። ቁርጭምጭሚትን ማዞር፣ ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሳትና ማውረድ ፈሳሹን ወደ ላይ ይገፋል። እግሩ በጣም ላበጠ ሰው ባለሙያ የመጠቅለያ ፋሻ አጠቃቀም ያስተምራል።

ይህ ሁሉ በየቀኑ ነው። ወንዝ ወይም ቦኖ ሩቅ ለሆነበት ቤት አንድ ሳፋ ውሃ ቀላል ነገር እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ቢሆንም ለእግር ማጠቢያ የሚያስፈልገው ጥቂት ሊትር ነው፤ ያንን ውሃ ማን እንደሚያመጣ በቤተሰብ ተመካክሮ መወሰን ከመድኃኒት እኩል ይጠቅማል።

በእርግጥ ይሠራል ወይ? በሶዶው ማኅበር ክሊኒኮች ለአንድ ዓመት የተከታተሉ ጥቂት ሕሙማን እብጠታቸው መቀነሱና ኑሯቸው መሻሻሉ እ.ኤ.አ. በ2010 ተዘግቧል። ሆኖም ያ ጥናት የሚነጻጸር ቡድን አልነበረውም። ጠንከር ያለው ማስረጃ የመጣው ከምሥራቅ ጎጃም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው በዚያ ጥናት ወደ 700 የሚጠጉ ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ወዲያው የእግር እንክብካቤ ሲጀምሩ ሌሎቹ ከአንድ ዓመት በኋላ ጀመሩ። እንክብካቤውን የጀመሩት ሰዎች የሚያጋጥማቸው የትኩሳትና የሕመም ማገርሸት በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። አንድ አምስተኛ ለሰሚ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች በዓመት ከ20 ጊዜ በላይ የሚያገረሽባቸው ነበሩ፤ ስለዚህ በዓመት አራት ያህል ጊዜ ከአልጋ ተርፈዋል ማለት ነው።

እግር ሲያገረሽ

ይህ በሽታ መላ ሰውነትን እንዴት እንደሚጎዳ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ያበጠ እግር ላይ ትንሽ ስንጥቅ ይበቃል፤ ጀርም ይገባና እግሩ በድንገት ይግላል፣ ይቀላል፣ ይቆረጥማል። በብሽሽት ንፍፊት ይወጣል። ብርድ ብርድ ይላል፣ ትኩሳት ይነሳል፣ ራስ ይፈልጣል። ብዙዎች ወባ ወይም ምች ነው ብለው ያልፉታል። ሰውዬው ለቀናት ይተኛል፤ ሲነሳም እግሩ ከበፊቱ ይበልጥ አብጦ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ማገርሸት የተረፈውን የሊምፍ ቧንቧ ይጎዳልና።

በእርሻ ለሚተዳደር ቤተሰብ እነዚህ ቀናት ዋጋ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወላይታ ላይ የታተመ ጥናት ታማሚዎች ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጡ፣ በዞኑ በጠቅላላ የሚጠፋው ምርትም በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚገመት ገልጿል።

ሲያገረሽብዎ ይረፉ፣ እግርዎን ከፍ አድርገው ይተኙ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያድርጉበት፣ ውሃ በብዛት ይጠጡ። ፋሻና እንቅስቃሴውን ለጊዜው ያቁሙ፤ ቀስ ብሎ መታጠቡን ግን አያቁሙ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይረዳል። ጀርሙን የሚገድል መድኃኒት ሊያስፈልግ ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይታዩ። ዋግምት ማስደረግ፣ እግሩን በጥቶ ደም ማፍሰስ ወይም በእሳት መተኮስ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ጸሎትና ጠበል የእርስዎ እምነት ነው፤ ከሳሙናና ከቫዝሊን ጋር አይጣሉም።

ጫማን በተመለከተ

በአንድ ወቅት ተመሳሳይ በሽታ በሰሜን አፍሪካ ነበር። ሕዝቡ ጫማ ማድረግ ሲለምድ ጠፋ፤ ክትባትም ሆነ መድኃኒት አላስፈለገም።

ግን «ጫማ አድርጉ» ማለት ቀላል ነው። በወላይታ ገጠር በተደረጉ ቃለ መጠይቆች ሰዎች ጫማ እያላቸው የማያደርጉበትን ምክንያት ዘርዝረዋል፤ በእርሻ ላይ ጭቃ ይይዛል፣ ይከብዳል፣ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ይቀመጣል። ችግሩ አፈሩ እግርን የሚያገኘው ገበያ ላይ ሳይሆን ማሳ ላይ መሆኑ ነው። አንድ ጫማ ብቻ ያለው ሰው ለእርሻ ቢያደርገው ለጤናው ይሻለዋል፤ እርግጥ ይህን ምክር መስማት የሚከብድ መሆኑ ግልጽ ነው፤ በሰው ፊት የሚታየው የገበያው ነውና።

የተሸፈነ ጫማ ከሁሉ ይሻላል። በረባሶ ከእሾህ ያድናል እንጂ አቧራውን አያስቀርም። ኮንጎ ጫማ ይሻላል፣ ነገር ግን ያልባል፤ ስለዚህ ማታ ማታ እግርንም ጫማውንም ማጠብና ማድረቅ ያስፈልጋል። ካልሲ ካለዎት በየቀኑ ይታጠብ። እግሩ በጣም ያበጠ ሰው በሱቅ የሚሆነው ጫማ አያገኝም፤ የሶዶው ማኅበር ሕሙማንን ራሳቸውን ጫማ ሰፊ አድርጎ ያሠለጠነው ለዚህ ነው። ልጆች ደግሞ መራመድ ከጀመሩ ጊዜ አንሥቶ ጫማ ያድርጉ፤ በተለይ በቤተሰቡ ውስጥ ይህ በሽታ ያለበት ሰው ካለ።

ጫማና የእግር ንጽሕና የሚከላከሉት ዝሆኔን ብቻ አይደለም። ሙጀሌ፣ በባዶ እግር የሚገባው የአንጀት ትልና በቁስል የሚገባው መንጋጋ ቆልፍ ሁሉ በዚያው በር የሚመጡ ናቸው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስሜቱ ስለሚደነዝዝ ቁስሉ ሳይታወቀው ሊመረቅዝ ይችላል፤ ስለዚህ በየማታው ውስጥ እግሩን ማየት አለበት።

መገለልን በተመለከተ

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ በወላይታ በጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግማሽ ያህሉ በሽታው ተላላፊ ነው ብለው እንደሚያምኑና ሲያክሙ እንዳይያዙ እንደሚፈሩ አሳይቷል። ባለሙያው እንዲህ ካሰበ ጎረቤት ምን ሊያስብ ነው? በበሽታው ምክንያት ጋብቻ ይፈርሳል፣ ልጆች ትምህርት ያቋርጣሉ፣ ሰው ከዕድርና ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል። ታማሚው እግሩን ለመሸፈን ሲል ሕክምናውንም ይሸሻል። ስለዚህ እርስዎ ጤነኛ ከሆኑና ታማሚ ጎረቤት ካለዎት አብረው ቡና ይጠጡ፣ ከአንድ ማዕድ ይቁረሱ፤ ምንም አይይዝዎትም። ልጅዎ ከታማሚ ቤተሰብ ልጅ ጋር ቢጋቡም ከባልና ሚስቱ አንዱ በሽታውን ወደ ሌላው አያስተላልፍም፤ ለሚወለዱት ልጆች ደግሞ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጫማ ይደረግላቸው።

ወደ ጤና ጣቢያ መቼ ይሂዱ?

እግርዎ ማታ እያበጠ ጠዋት መጉደሉን ለሁለት ሳምንት ያህል ከቀጠለ፣ በጣቶችዎ መካከል የማይድን ቁስል ካለ፣ ወይም ከላይ ያነሳነው ትኩሳትና ንፍፊት ከመጣ ይታዩ። እብጠቱ በአንድ እግር ብቻ በድንገት መጥቶ ባት ላይ የሚያም ከሆነ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ፊትዎ አብሮ ካበጠ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ሆነው ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለብዎት ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረሱ። በቀበሌዎ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የእግር አስተጣጠቡን በቤትዎ መጥታ ልታሳይዎት ትችላለች፤ ሳፋውንና ሳሙናውን አዘጋጅተው ይጠብቋት።